ቤበቃና ቡኦን ማ ቱኦት

ስለ እስያ አገሮች መነሣት ሲወራ እኛ ኢትዮጵያውያን ቶሎ የምንጠራት ኮሪያን ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በ1943 ዓ.ም. ዘምተው የደሙላት አገር ናትና ብንጠራትም አይፈረድብንም። ያኔ ፍርስራሽ ነበረች፣ ዛሬ የት ደረሰች እያልን እንቆጫለን። ለሚዛን፣ ለቴፒ፣ ለሸኮና ለየኪ ቡና አምራች ግን ከመርከብና ከመኪና ፋብሪካ ታሪክ ይልቅ የሚቀርበው የሌላ እስያዊት አገር ታሪክ ነው፤ የቬትናም። ቬትናም እንደ እኛ በጦርነት የደቀቀች፣ እንደ እኛ መሬትን ከግል ባለቤትነት ያወጣች፣ እንደ እኛ የመንግሥት የቡና እርሻ ያቋቋመች፣ እንደ እኛ ሰው ከሩቅ አምጥታ በጫካ ዳር ያሰፈረች አገር ናት። እስከዚህ ድረስ መንገዳችን አንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ተለያየን። የተለያየንበት ቦታ የት እንደሆነ ለይቶ ማየት ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አገር ዛሬም የሚጠቅም ይመስለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ አወጣ። ስድስት ቀን ቆይቶ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ የሰሜን ቬትናም ጦር በመካከለኛው ደጋ የዳክ ላክ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በቡኦን ማ ቱኦት ላይ ጥቃት ከፈተ። ከተማዋ የቡና አገር እምብርት ነበረች። እሷ ከተያዘች በኋላ የደቡቡ ጦር መቆም አልቻለም፤ ሚያዝያ 22 ቀን ሳይጎን ወደቀች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ በብራዚል ከባድ ውርጭ ወርዶ ሰፊ የቡና ማሳ አቃጠለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ናረ። የሁለቱን አገሮች የቡና ገበሬዎች ዕድል የለወጡ ሦስት ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በሦስት አህጉር ተከሰቱ ማለት ነው።

የየካቲቱ አዋጅ በከፋና በኢሉባቦር ቀላል ነገር አልነበረም። ቡናውን ለቅሞ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ለባለ መሬት ያስረክብ የነበረው ጭሰኛ ቀንበሩ ወደቀለት። ጃፓን ከዓለም ጦርነት በኋላ፣ ኮሪያና ታይዋን ደግሞ በ1940ዎቹ የባላባቱን ርስት ለአራሹ ሲያከፋፍሉ የገቡበትን በር እኛም ገብተንበታል። አዋጁን የማነሣው ለመንቀፍ አይደለም። በነዚያ አገሮች አራሹ መሬቱን ይዞ፣ ያመረተውን ሸጦ ልጁን አስተማረ፤ በእኛ ግን ባላባቱ በለቀቀው ወንበር ላይ መንግሥት ተቀመጠ።

ቡናውን የሚገዛው የኢትዮጵያ ቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ሆነ፤ ዋጋውም ከላይ ተቆርጦ ይመጣ ነበር። ከዓለም ገበያው ዋጋ ለገበሬው የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነበር፤ ቀሪውን ቀረጡና ኮርፖሬሽኑ ይወስዱታል። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ለዘመድ ጥቂት ኪሎ ቡና ይዞ የሚሄድ ሰው እንኳ እንደ ኮንትሮባንዲስት ይፈተሽ፣ ይወረስበት ነበር። መልባ እና ወልባ የተባሉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ገበሬውን በጋራ ማሳ ላይ አሰለፉት። ገበሬው ለጋራው ማሳ ሰዓት ሲቆጥር፣ ጉልበቱን ለጓሮው ያስቀምጥ ጀመር። ከሚዛን ወደ ምዕራብ ባለው ሞቃት ቆላ ቤበቃ፣ በየኪ ደግሞ የቴፒ እርሻ፣ የመንግሥት የቡና ልማት ማሳያ ሆነው ተስፋፉ። ቤበቃ ብቻውን 10 ሺህ ሄክታር ገደማ ይዟል። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከከፋ የመጣ ሠራተኛ በካምፕ እየኖረ፣ በለቀመው ኪሎ እየተከፈለው፣ በዚያው ወልዶ ከበደ።

በቬትናምም የሆነው ይኸው ነበር። ድል ያደረገው ፓርቲ ደቡቡን በኅብረት እርሻ ሊያደራጅ ተነሣ፤ በዳክ ላክም የመንግሥት የቡና እርሻዎች ተቋቋሙ። የሁለቱን አገሮች ታሪክ ያገናኘችው ግን ያልተጠበቀች አገር ነበረች፤ ምሥራቅ ጀርመን። የብራዚል ውርጭ ዋጋውን ሲያንረው ምሥራቅ ጀርመን ለሕዝቧ ቡና የምትገዛበት ዶላር አጣች። ከሌላ ነገር የተቀላቀለ ቡና ለገበያ ብታቀርብ ሕዝቡ አኮረፈ። በ1969 ዓ.ም. የፓርቲው ትልቅ ሰው ቨርነር ላምበርትስ አዲስ አበባ መጡና ከደርግ ጋር ተዋዋሉ፤ እነሱ መሣሪያ ሊሰጡ፣ እኛ ቡና ልንሰጥ። የኦጋዴን ጦርነት እየቀረበ ነበር። ከእኛ ጫካ የተለቀመው ቡና በበርሊን ተቆላ፣ የበርሊኑም መሣሪያ ወደ ግንባር ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ቡናውን በጠንካራ ምንዛሪ ካልሆነ አልሰጥም አለ፤ ምክንያቱም ነዳጅም ሌላውም የሚገዛው በቡና ዶላር ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ፊቷን ወደ ቬትናም አዞረች። በ1972 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ማሽን፣ መኪናና ባለሙያ ልትልክ፣ ቬትናምም በዳክ ላክ ከሚተከለው አዲስ ቡና ግማሹን ለ20 ዓመት ልታስረክብ ተስማሙ። ቡናው ደርሶ ዳጎስ ያለ ምርት መስጠት ሲጀምር ግን በርሊን ውስጥ የሚቀበል መንግሥት አልነበረም። በመስከረም 1983 ዓ.ም. ምሥራቅ ጀርመን ከምዕራቡ ጋር ተዋሕዳ እንደ አገር ማክተሟ ታወጀ። ዛፎቹ ለቬትናም ቀሩ።

ብዙ ሰው የቬትናምን የቡና ታሪክ ከዚህ የጀርመን እርዳታ ጋር ብቻ አያይዞ ይነግረዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማሽንና የውጭ ባለሙያ ቤበቃም ነበሩት። ለውጡን ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ የተጀመረውም ከቡና አገር ርቆ፣ በሰሜን በሩዝ ማሳ ላይ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር የፓርቲ ጸሐፊ እጅ ነው።

ኪም ንጎክ የቪን ፉክ ግዛት የፓርቲ ጸሐፊ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሰሜኑን በሚደበድቡበት ጊዜ፣ በግዛታቸው የኅብረት እርሻው ምርት ሲወርድ፣ ሕዝቡም ሲራብ አዩ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መሬቱን ለይተው ሰጡ፤ ቤተሰቡ የተወሰነ ምርት ለማኅበሩ ያስረክባል፣ የተረፈው የራሱ ይሆናል። ከማዕከል ፈቃድ አልነበራቸውም። ማሳው ወዲያው ተለወጠ። በ1961 ዓ.ም. ግን ከፓርቲው አንጋፋ መሪዎች አንዱ የነበሩት ትሩኦንግ ቺን ነገሩን ከሶሻሊዝም ማፈንገጥ ነው ብለው በአደባባይ አወገዙት። ኪም ንጎክ ራሳቸውን እንዲተቹ ተደረገ፣ ውሉም ተሰረዘ። በ1971 ዓ.ም. ሥራቸው ሳይታወቅላቸው አረፉ።

ነገሩ ግን ከሳቸው ጋር አልተቀበረም። ከጦርነቱ በኋላ ረኃብ ሲጠና፣ ከካምቦዲያና ከቻይና ጋር ሌላ ጦርነት ሲጨመር፣ ያው የቤተሰብ ውል በሃይፎንግና በሌሎች አካባቢዎች በምስጢር ብቅ አለ። የቀበሌው ባለ ሥልጣን ያውቃል፣ የወረዳው ዝም ይላል፣ የክፍለ ሀገሩ ደግሞ የምርቱን መጠን አይቶ አይቶ ወደ ላይ ይጽፋል። በጥር 1973 ዓ.ም. ፓርቲው በከፊል ፈቀደ። የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ700 በመቶ ባለፈበት በ1979 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደግሞ 6ኛው ጉባኤ ዶይ ሞይ የተባለውን የለውጥ አቅጣጫ አጸደቀ። ከጉባኤው ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ በ1978 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ሌ ዙዋን ሲሞቱ በቦታቸው ተተክተው ጉባኤውን ያዘጋጁት ማን ነበሩ? ኪም ንጎክን ያወገዙት ትሩኦንግ ቺን። አዛውንቱ ወደየግዛቱ ወርደው ገበሬውንና ሠራተኛውን ጠይቀው፣ የቀድሞ አቋማቸውን ትተው፣ የጉባኤውን ሪፖርት እንደ ገና አስጻፉት። የራሱን ውግዘት መልሶ ለመሻር የደፈረ የፓርቲ መሪ በዚያ ዘመን ብርቅ ነው፤ እኔ ይህን ሰው ከዚያ ጉባኤ ውሳኔዎች ሁሉ በላይ አስበዋለሁ።

በ1980 ዓ.ም. ቤተሰብ የእርሻው መሠረት መሆኑ ታወቀ። በዓመቱ ሩዝ ከውጭ ትሸምት የነበረች አገር ሩዝ ሻጭ ሆነች። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ የቡናውን ጉዳይ ወሰነ። በዚያ ሕግ መሬት ዛሬም የመላው ሕዝብ ነው፤ አስተዳዳሪው መንግሥት ነው፤ ቃሉ ከእኛ ሕገ መንግሥት ብዙ አይርቅም። ነገር ግን እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል ገበሬው ለ50 ዓመት የመጠቀም መብት በስሙ ተጻፈለት። ሊያወርሰው፣ ሊያከራየው፣ ሊለውጠው፣ ለሌላ ሊያስተላልፈው፣ ለባንክ ሊያስይዘውም ይችላል። ማረጋገጫውን ሕዝቡ ቀይ ደብተር ይለዋል። የመንግሥት እርሻዎችም ቢሆኑ ማሳቸውን ለሠራተኞቻቸው ቤተሰብ በውል አከፋፈሉ።

በእኛ አገር ተመሳሳይ ቃል የተሰማው የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ያሉትን ፖሊሲ ያወጁ ዕለት። ገበሬው አዋጁን በወረቀት እስኪያየው አልጠበቀም። በሳምንታት ውስጥ የአምራቾች ማኅበራቱን በተነ፣ በሬና መሬቱን ተካፈለ። ሕዝቡ ምን ይፈልግ እንደነበር ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። የደርግ መንግሥት ግን ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ወደቀ፤ ጦርነቱም ሁሉን በላ። የኛ ኪም ንጎኮች ካሉም ስማቸው አልተጻፈም።

ይህ ሁሉ ለቡና ምን ማለት እንደሆነ በማሳ ላይ ማየት ይሻላል። በቆሎ የዘራ ሰው በመንፈቅ ይሰበስባል፤ ነገ መሬቱ ቢወሰድበት የዘንድሮውን በልቷል። ቡና ግን ከችግኝ ጣቢያ ወጥቶ በክረምት ከተተከለ በኋላ ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል። በየኪ ወይም በሸኮ ብዙ ማሳ ላይ ያለው ቡና ደግሞ ያረጀ ነው፤ ቁመቱ ረዝሞ፣ ቅርንጫፉ ተራቁቶ፣ ፍሬው ጫፍ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል። መድኃኒቱ ጉንደላ ነው። ለቀማው ካለቀ በኋላ በበጋው ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር አስቀርቶ፣ ዝናብ እንዳያቁርበት ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ። ከሚያቆጠቁጠው ብዙ ቡቃያ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራውን መርጦ ሌላውን ማራገፍ። የልማት ሠራተኛው ይህን ሲያስተምር ገበሬው ራሱን ይነቀንቃል፤ ያውቀዋልም። መጋዙን የማያነሣው ሌላ ስለሚያሰላ ነው። ግማሽ ሄክታሬን ዛሬ ብጎነድል ሁለት ዓመት እሸት ቡና አልሸጥም፤ የልጆቼን ደብተር፣ የበዓሉን ልብስ፣ የማዳበሪያውን ዕዳ በምን እችለዋለሁ? ብድር የሚሰጠኝስ ማነው? መሬቱስ ከሁለት ዓመት በኋላ የኔ ስለመሆኑ ማን ዋስ ይሆነኛል?

የዳክ ላክ ገበሬ ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነበረው። ቀይ ደብተሩን ለግብርና ባንክ አስይዞ ተበደረ፣ ፓምፕና ማዳበሪያ ገዛ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ተከለ። ከሸጠውም ዋጋ ትልቁ ድርሻ ወደ ኪሱ ገባ። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ከ10 ሺህ ቶን የማይዘል ቡና ታመርት የነበረች አገር በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ወደ 900 ሺህ ቶን ደርሳ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። ዛሬ በሄክታር ከ2.5 ቶን በላይ ታገኛለች፤ የእኛ አማካይ 1 ቶን አይሞላም። ይህን ያመረቱት አብዛኞቹ ከሁለት ሄክታር ያልበለጠ ማሳ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። እኛ ዘንድ ቤበቃ በ2005 ዓ.ም. ገደማ ከመንግሥት ወደ ሆራይዘን ፕላንቴሽን ሲተላለፍ እንዳለ፣ በአንድ ውል፣ ለአንድ ባለ ሀብት ነው የሄደው። ባለ ሀብቱን አልወቅስም። ግን በካምፑ ውስጥ ተወልዶ፣ እያንዳንዱን ረድፍ በእግሩ የሚያውቀው የሠራተኛ ልጅ በማሳው ላይ ውል ይገባው እንደሆነ በዚያ ጊዜ ቢጠየቅ ኖሮ እላለሁ። ቬትናም ጠይቃ ነበር።

እስካሁን ያልኩት የታሪኩ ብሩህ ገጽ ነው። ጨለማው ገጽ የእኛኑ በር ያንኳኳል። የዓለም የቡና ስምምነት ኮታ በ1981 ዓ.ም. ፈርሶ ስለነበር፣ የቬትናም ጎርፍ ከብራዚል ምርት ጋር ሲገናኝ ዋጋው ተንኮታኮተ። በ1994 ዓ.ም. አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በኢትዮጵያ የለቃሚ ዋጋ እንኳ የማያወጣበት ወቅት መጣ፤ በምሥራቅና በደቡብ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። አንድ አገር በፍጥነት ስትከብር የሌላ አገር ገበሬ ሊከስር እንደሚችል ያኔ አየን።

ከዚህም የከፋው በራሷ በዳክ ላክ የሆነው ነው። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ከቆላ ያመጣቸው፣ ቀጥሎም በራሳቸው እግር የጎረፉት ሰፋሪዎች ብዛት የደጋውን ነባር ሕዝቦች፣ ኤዴንና ጃራይን የመሳሰሉትን፣ በገዛ አገራቸው አናሳ አደረጋቸው። እነሱ ጫካውን በልማዳዊ ሥርዓት የሚካፈሉ፣ ማሳ እያሳረፉ የሚያርሱ ሕዝቦች ነበሩ። ቀይ ደብተር ሲታደል የልማድ ይዞታቸው በወረቀት ስላልነበረ ብዙው መሬት ባዶ ተብሎ ተቆጠረ። ጫካው ተመነጠረ፣ የከርሰ ምድር ውሃው በፓምፕ ወረደ። በ1993 እና በ1996 ዓ.ም. የደጋው ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ፤ ብዙዎች ታሰሩ፣ ብዙዎች ወደ ካምቦዲያ ሸሹ።

ይህን የሚያነብ የቴፒ ሰው የራሱን አገር ማሰቡ አይቀርም። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ በድርቅ የተጎዱ ወደ 600 ሺህ ሰዎች ሲነሡ ብዙዎቹ ወደ ከፋ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ጋምቤላ ነው የመጡት፤ ከነሱ ብዙው ሳይወድ በግድ። በ1994 ዓ.ም. በቴፒና አካባቢው የአስተዳደር ጥያቄ ደም አፋሰሰ። በ2004 ዓ.ም. ከጉራፈርዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ተፈናቀሉ። ሰፋሪው መሬቴ ነገ ይወሰድብኛል ብሎ ይፈራል፤ መዠንገሩ፣ ሸኮው፣ ሸከቾው ደግሞ ጫካዬ አልቋል ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ፍርሃት ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነው፤ የማን ይዞታ ምን እንደሆነ የሚናገር፣ ሁሉም የሚቀበለው መዝገብ ከመጥፋቱ።

ቬትናም ያጠፋችው ነገር ደግሞ የእኛ ዋና ሀብት ነው። እነሱ የሚያመርቱት በአብዛኛው ሮቡስታ የሚባለውን የቡና ዝርያ ነው፤ በእሱ በብዛት መወዳደር ይችላሉ። የእኛው አረቢካ ግን ተወልዶ ያደገው በነዚሁ ጫካዎች ጥላ ሥር ነው። የከፋ ደን በ2002፣ የሸካ በ2004፣ የመዠንግር በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። ከጌሻ ጫካ በ1920ዎቹ የተወሰደው ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ አልፎ ፓናማ ገብቶ፣ በ1996 ዓ.ም. በዚያው አገር የቡና ውድድር ዳኞችን አስደንቆ ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ሆኗል። ዘሩን ያበቀለው ጫካ ያለው ከሚዛን ብዙ ሳይርቅ ነው። አሁን አውሮፓ ጫካ ተመንጥሮበት የበቀለ ቡና አልገዛም የሚል ሕግ አውጥቷል፤ ላኪው የእያንዳንዱን ማሳ ቦታ በካርታ ማሳየት ሊኖርበት ነው። በወፍ ዘራሽ ቡና ለሚኖር ሰው ይህ ሕግ ዕድልም አደጋም ነው፤ ይዞታው ካልተመዘገበ ጫካውን ጠብቆ የኖረ ገበሬ ማስረጃ አጥቶ ከገበያ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ የዳክ ላክን የሄክታር ምርት እያሳየ፣ ጥላውን ቁረጡ፣ ጫካውን መንጥሩ የሚል ሰው ሲመጣ አይሆንም ማለት ይገባናል። ከቬትናም መውሰድ ያለብን ቀይ ደብተሩን ነው፤ እሱንም የኤዴ ሕዝብን የጎዳውን ስሕተት ነቅሰን። በሸካ ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ቤተሰብ በጫካው ውስጥ ቀፎ የሚሰቅልበትና ከደኑ የሚጠቀምበት የታወቀ ወሰን አለው፤ ዛፉና ጅረቱ ምልክት ሆኖ ጎረቤት ለጎረቤት ይመሰክራል። ቀበሌው መዝገብ ሲከፍት ከሽማግሌዎቹ ጋር በጫካው ተዘዋውሮ ይህን ወሰን ካልጻፈ፣ ጫካው በመዝገብ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ይህ እርምጃ ቬትናም ከወሰደችው ከ30 ዓመት በኋላ የመጣ ቢሆንም ትልቅ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ደግሞ አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ እንዲህ ያለ ዋጋ ሁልጊዜ አይገኝም፣ 1994ን ያየ ሰው ያውቀዋል። ዋጋው ሳይወርድ የደቡብ ምዕራብ ክልል መሬት አስተዳደር ቢሮዎች ከሁሉ አስቀድመው የቡና ማሳና የጫካ ቡና ይዞታን ቢመዘግቡ፤ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ቢሰፍር፤ ሰፋሪውም ነባሩም በአንድ መዝገብ ቢገቡ፤ ባንኮችም ለጉንደላ የሁለት ዓመት እፎይታ ያለው ብድር ቢያዘጋጁ መልካም ነው። የየኪው ገበሬ ከመጪው ለቀማ በኋላ መጋዙን ለማንሣት የሚጠይቀው ይህን ያህል ነው።